ዶሮን እንዴት መያዝና መሸከም እንደሚገባ



የዐውደ ዓመት ዋዜማ በደረሰ ጊዜ በከተማችን መንገድ ዳር ቆሞ ወጪ ወራጁን የሚመለከት ሰው አንድ የተለመደ ነገር ሳያይ አይቀርም። ይኸውም ዶሮ በእግሯ ተንጠልጥላ፣ ራሷ ወደ ምድር ተዘቅዝቆ፣ ክንፏ ተበትኖ፣ በሰው እጅ ስትወዛወዝ ነው። አንዱ ሁለቱን በቀኝ ሁለቱን በግራ እጁ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ሌላው ዐሥር ያህሉን እግር ለእግር አስሮ በዱላው ጫፍና ጫፍ ላይ አድርጎ በትከሻው ይሸከማል፤ ከገጠር የሚመጣውም አውቶቡስ በጣራው ላይ ከጆንያና ከቅቤ ቅል ጋራ የታሰሩ ዶሮዎች ጭኖ በፀሐይ ይገሠግሣል። ይህን ሁሉ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ለመድነው ዐይናችን ያየዋል እንጂ ልባችን አያስተውለውም።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ፣ «ስለ ዶሮ አያያዝ በጋዜጣ መጻፍ ምን ያህል ቁም ነገር ነው?» ይል ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ብዙ ሰው የሚያስተዳድር ሹም አስቀድሞ ቤቱን ያስተዳድራል፤ የቤት አስተዳደርም የሚታወቀው በግብር ቀን በሚዘረጋው ምንጣፍና በሚቀርበው ማዕድ ብቻ ሳይሆን፣ ማንም በማያየው በታናሹ ነገር ነው። ዶሮ ከቤት እንስሳ ሁሉ ታናሽ ናት፤ እንደ ፈረስ ረግጣ፣ እንደ በሬ ወግታ በደሏን አትመልስም። ስለዚህ ለእርስዋ የምናደርገው አያያዝ ከራሳችን ልቡና በቀር ሌላ ዳኛ የለውም።

ደግሞም ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛ ራሳችን በደለኞች ስለ ሆንን ነው። ነገሩም እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለቤታችን እንቍላል የሚሆኑ ዶሮዎች ለማርባት አስበን፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከደብረ ብርሃን ገበያ ስድስት ቄቦች ገዛን። ሁሉም ጤነኞች፣ ዐይናቸው የጠራ፣ ላባቸው የሚያብረቀርቅ ነበሩ። ሻጩም እንደ ልማዱ ሦስት ሦስቱን በሲባጎ እግራቸውን ጠፍሮ ሰጠን፤ እኛም እንደ ልማዳችን በእግራቸው አንጠልጥለን ወስደን በመኪናው ኋላ በዕቃ መጫኛው ውስጥ አጋድመን ክዳኑን ዘጋን። በመንገድ ምሳ ለመብላት ቆምን፤ ወዳጅም አግኝተን ጥቂት አወራን፤ ፀሐዩም ብርቱ ነበር።

ቤታችን ደርሰን ክዳኑን በከፈትን ጊዜ ሁለቱ ሞተው አገኘናቸው። ሦስተኛይቱ አንድ እግሯን መርገጥ አልቻለችም። የቀሩትም አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ነበር። ዶሮዎቹን በጉጉት ስትጠብቅ የነበረችው ታናሽ ልጃችን ይህን ባየች ጊዜ፣ «ማን ገደላቸው?» ብላ ጠየቀችን። ምን ብለን እንደምንመልስላት ቸገረን።

በዚያን ጊዜ በጎረቤታችን ያሉ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በገጠር ዶሮ ሲያረቡ የኖሩ አንዲት አሮጊት ጩኸቱን ሰምተው መጡ። የሞቱትን አይተው፣ አንካሳዪቱን አንሥተው በጉያቸው አድርገው፣ እግሯን በጣታቸው ዳሰሱና እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ከፍላችሁ ገዝታችሁ ቅርጫት የምትገዙበት አጣችሁን? ዶሮ ጎመን አይደለችም፤ ታስራ አትንጠለጠልም። እኔ ከእናቴ ቤት ወደ ባሌ ቤት ስሄድ እናቴ የሰጠችኝን ዶሮ በነጠላዬ ሸፍኜ በጉያዬ ታቅፌ ነው የወሰድኋት፤ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር፤ በማግሥቱም እንቍላሏን ጣለች።»

እኛም አፍረን ዝም አልን። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር የሚያውቁትን ጠየቅን፤ ሊቃውንት የጻፉትንም አነበብን፤ የአሮጊቷ ቃል እውነት መሆኑንም ተረዳን። ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

ዶሮ ተዘቅዝቃ ስለ ምን ትጐዳለች?

የሰውም ሆነ የበሬ ደረት ከሆዱ የሚለይበት አንድ ሥጋዊ መጋረጃ አለው። ይህ መጋረጃ ትንፋሽን ይረዳል፤ የሆድ ዕቃም ወደ ሳምባ እንዳይጫን ይከለክላል። ዶሮ ግን ይህ መጋረጃ የላትም። ሳምባዋ ታናሽና ከጐድኗ ጋራ የተጣበቀ ነው፤ እንደኛ ሳምባ አይነፋም አይሟሽሽም። አየሩን የሚያመላልሱላት በሰውነቷ ውስጥ የተከፋፈሉ 9 ስስ የአየር ከረጢቶች ናቸው፤ እነርሱም የሚሞሉትና የሚጐድሉት የደረቷ አጥንት ወደ ታች ወደ ላይ ሲንቀሳቀስ ነው።

እንግዲህ ዶሮ ተዘቅዝቃ በእግሯ በተንጠለጠለች ጊዜ፣ አንጀቷና ጉበቷ፣ በሆዷም እንቍላል ቢኖር እርሱ ጭምር፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ አየር ከረጢቶቿና ወደ ሳምባዋ ይወርዳል። ትንፋሿ ያጥራል። እህልና ውሃ የምታከማችበት የጉሮሮዋ ከረጢት የሞላ እንደ ሆነ ደግሞ ያለው ነገር ወደ አፏ ተመልሶ ወደ መተንፈሻዋ ሊገባ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ የሰውነቷ ክብደት ሁሉ ለዚህ ሥራ ባልተፈጠረው በዳሌዋና በጉልበቷ መጋጠሚያ ላይ ይንጠለጠላል፤ በድንጋጤ ክንፏን ስታማታም መጋጠሚያው ይወልቃል፤ ክንፏም ከግንብ ወይም ከመኪና በር ጋራ ተላግቶ ይሰበራል።

የወፎች አጥንት ለመብረር የቀለለ ሆኖ የተፈጠረ ነው፤ አንዳንዱም ውስጡ ክፍት ሆኖ አየር የሚገባበት ነው። እንቍላል ጣይ ዶሮ ደግሞ ለእንቍላሉ ቅርፊት የሚሆነውን ኖራ በከፊል ከገዛ አጥንቷ ስለምታወጣ፣ ብዙ የጣለች ዶሮ አጥንቷ ይደክማል። በእንግሊዝ አገር ግሬጎሪና ዊልኪንስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1989 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ባሳተሙት ምርመራ፣ በሽቦ ቤት ውስጥ እንቍላል ሲጥሉ ኖረው ወደ ማረጃ ከተወሰዱት ዶሮዎች መካከል ከ100 29ኙ ገና በሕይወት ሳሉ ቢያንስ አንድ አጥንታቸው ተሰብሮ እንደ ተገኘ ገልጸዋል። ከምክንያቶቹም አንዱ ዶሮዎቹን ከቤታቸው በችኰላ በእግራቸው እየጐተቱ ማውጣት ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዝምታዋ ሰላም አይደለም

ብዙ ሰው፣ «ተዘቅዝቃ ስትያዝ ጥቂት ታማታና ዝም ትላለች፤ ስለዚህ ተመችቷታል» ይላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አትናሲዮስ ኪርኸር የተባለ የሮማ መነኵሴ በ1646 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዶሮን እግሯን አስሮ በመሬት ላይ ካጋደማትና በፊቷ በጠመኔ መሥመር ካሠመረ በኋላ ማሠሪያውን ቢፈታላትም ሳትነሣ ተኝታ እንደ ቀረች ጽፏል። በዚያን ዘመን ነገሩ እንደ ተአምር ይታይ ነበር። የዛሬ ሊቃውንት ግን ይህ ከፍርሀት የተነሣ እንደ ሆነ ያስረዳሉ፤ አዳኝ አውሬ የያዛት ወፍ እንደ ሞተ ሆና ብትጋደም ምናልባት ይለቃት ይሆናልና።

ካናንና ሜንች የተባሉ ሊቃውንትም በ1996 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በጻፉት ምርምር፣ ቀጥ ብለው የተያዙትንና ተዘቅዝቀው የተያዙትን ዶሮዎች ደም መርምረው፣ ኮርቲኮስቴሮን የሚባለው የጭንቀት ምልክት የሆነው ቅመም በተዘቀዘቁት ደም ውስጥ በልጦ እንደ ተገኘ ገልጸዋል። እንግዲህ አፏ ዝም ቢል ደሟ ይናገራል ማለት ነው። ባላገር፣ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ብሎ የተረተው ለሌላ ነገር ቢሆንም፣ በዚህም ላይ ሳይሠራ አይቀርም።

ዶሮን ስለ መያዝ

ዶሮን ለመያዝ ማሳደድ አይገባም። አሳድዶ የሚይዝ ሰው ደክሞ ይይዛል፤ ዶሮይቱም ደንግጣ፣ ሙቀቷ ጨምሮ ትያዛለች። የዶሮ ሰውነት ሙቀት በደኅናው ጊዜ እንኳ 41 ዲግሪ ያህል ነው፤ ላብም ስለማይወጣት ሙቀቷን የምታበርደው በአፏ በማለክለክ ነው። ስለዚህ ብዙ የሮጠች ዶሮ በብርቱ ፀሐይ ብትሠቃይ አያስደንቅም።

ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ የምሽት ወይም የንጋት ደብዛዛ ብርሃን ነው። ዶሮ በጨለማ አጥርታ ስለማታይ በቆጧ ላይ ጸጥ ብላ ትቀመጣለች፤ በዚያን ጊዜ ሰው ቀስ ብሎ ቀርቦ ያለ ሁከት ሊያነሣት ይችላል። በቀን መያዝ ግድ ቢሆን ግን ጥሬ በትኖ ወደ ጥግ ማስጠጋት፣ ከዚያም ጐንበስ ብሎ፣ እጅን ሳያወናጭፉ፣ ሁለቱን እጆች በአንድ ጊዜ ከላይ አውርዶ ሁለቱን ክንፎች ከሰውነቷ ጋራ አስተባብሮ መያዝ ነው። ክንፏ የተያዘላት ዶሮ ወዲያው ትረጋጋለች።

በአንድ ክንፍ ብቻ፣ በአንገት፣ በጅራት፣ ወይም በአንድ እግር ብቻ ማንሣት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ቢሆን ሰውነቷን ለመሸከም የተሠራ አይደለም።

ዶሮን ስለ ማቀፍ

ዶሮይቱ ከተያዘች በኋላ፣ የቀኝ እጅን መዳፍ ወደ ላይ አድርጎ ከደረቷ ሥር ማስገባት፣ ሁለቱን እግሮቿንም በጣቶች መካከል አድርጎ ከጭኗ አጠገብ በልዝብ መያዝ ይገባል። ደረቷ በያዡ ክንድ ላይ ያርፋል፤ ራሷ ወደ ክርኑ፣ ጅራቷ ወደ ውጭ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ክንዱን ወደ ጐን ማስጠጋት ነው፤ አንደኛው ክንፏ በያዡ ጐን፣ ሁለተኛው በግራ እጁ ወይም በክንዱ ይታገዳል። ራሷ ከብብት ሥር ጥላ ስለሚያገኝ ትረጋጋለች፤ ኩሷም ወደ ውጭ ስለሚወድቅ ልብስ አያበላሽም። ይህ አያያዝ ነጭ ኩታ ለለበሰ ሰው እንኳ የሚመች ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር እጅግ መጠንቀቅ ይገባል፤ ይኸውም ደረቷን አጥብቆ አለመጭመቅ ነው። ከዚህ በላይ እንዳመለከትነው፣ ዶሮ የምትተነፍሰው የደረቷ አጥንት ሲንቀሳቀስ ነውና፣ ደረቷ የተጨመቀ ዶሮ አፍንጫዋ ክፍት ሆኖ ሳለ ታፍና ልትሞት ትችላለች። ይልቁንም ልጆች ጫጩትን ከፍቅር ብዛት በሁለት እጃቸው ሲጨብጡ የሚሞትባቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልጅ ጫጩት መያዝ ሲፈልግ መሬት ላይ ተቀምጦ ይያዝ፤ መዳፉን እንደ ጽዋ አድርጎ ከሥር ይቀበል፤ ሁለተኛውን እጅ ሳይጫን ከላይ ይጋርድ። ቢያመልጠውም ከሩቅ አይወድቅበትም።

አውራ ዶሮ ደግሞ ከእግሩ ኋላ ሹል ጥፍር ስላለው፣ እግሮቹን ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሴትም ሆነ አውራ፣ ዶሮን ወደ ፊት ማስጠጋት አይገባም፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ስትነቁር ዐይን ልትመታ ትችላለችና። ዶሮ ከያዙ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ጤነኛ የምትመስል ዶሮ እንኳ በኩሷና በላባዋ ላይ ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ሰውን በሆድ በሽታ የሚጥለውን ተሐዋስ ልትይዝ ስለምትችል ነው።

ዶሮን ሩቅ መንገድ ስለ መውሰድ

በጉያ ታቅፎ መሄድ ለአጭር መንገድና ለአንዲት ዶሮ ነው። መንገዱ የራቀ ወይም ዶሮዎቹ የበዙ እንደ ሆነ ግን ቅርጫት ያስፈልጋል። በአገራችን ከቀርከሃና ከሸንበቆ የሚሠራው፣ ዐይኑ ክፍት የሆነና ክዳን ያለው ቅርጫት ለዚህ ሥራ እጅግ የሚመች ነው። እርሱ ባይገኝ በጐንና በጐኑ ብዙ ቀዳዳ የተበሳ ጠንካራ ካርቶን ይበቃል። ፌስታል ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ አየር የማይገባው ጆንያም እንደዚሁ።

በቅርጫቱ ወለል ላይ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር መጐዝጐዝ፣ እግሯ እንዳይንሸራተት ይረዳል። ስፋቱም እያንዳንዷ ዶሮ ያለ መደራረብ የምትቀመጥበት መሆን አለበት፤ ነገር ግን በመንገድ መንገጫገጭ ጊዜ ከግድግዳ ግድግዳ እስክትላጋ ድረስ መስፋት የለበትም። እርስ በርስ የማይተዋወቁትን፣ ይልቁንም ሁለት አውራ ዶሮዎችን፣ በአንድ ቅርጫት ማድረግ ጠብ ያመጣል። በቅርጫቱ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል ቢደረግበት ውስጡ ይጨልማል፤ ዶሮዎቹም ይረጋሉ። ጨርቁ ግን አየሩን የሚዘጋ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው።

መንገዱን በማለዳ ወይም ወደ ማታ መሄድ ይሻላል። ከመነሣት በፊት ውሃ ይሰጣቸው፤ እህል ግን እስኪጠግቡ አይስጧቸው። በመኪና የሚሄድ ሰው ቅርጫቱን ከሰዎች ጋራ አየር በሚገባበት ስፍራ፣ እንዳይገለበጥ አጽንቶ ያስቀምጠው፤ በተዘጋው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ወይም በጣራ ላይ በፀሐይ አያድርገው። በመንገድ የሚቆም እንደ ሆነ መኪናውን በጥላ ያቁም፤ ዘግቶም አይሂድ። እኛ በዚህ ጉዳይ የከፈልነውን ዋጋ ከዚህ በላይ ተናግረናል።

ምናልባት ቅርጫትም ካርቶንም ባልተገኘ ጊዜ ዶሮይቱን ማሰር ግድ ቢሆን፣ ሥጋ በሚቈርጥ ሲባጎ ሳይሆን በሰፊ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሁለቱን እግሮች በአንድነት ላላ አድርጎ ማሰርና እንደ ተቀመጠች ሆና በደረቷ እንድትጓዝ ማድረግ ነው፤ ይህም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይሁን።

ቤት ከደረሱ በኋላ

ቤት የደረሰችን ዶሮ ወደ ላይ ወርውሮ «ትብረር» ማለት፣ ወይም ቅርጫቱን ገልብጦ ማፍሰስ አይገባም። እግሮቿ መሬት እስኪረግጡ ድረስ ዝቅ አድርጎ፣ ሚዛኗን ከያዘች በኋላ እጅን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። በጥላ ስፍራ ውሃ ይቅረብላት፤ ከዚያ በኋላ እህል ይሰጣት።

ለእርባታ የተገዛች ከሆነች ደግሞ ቀድሞ ከነበሩት ዶሮዎች ጋራ ወዲያው መቀላቀል አይገባም። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ተለይታ ትቀመጥ። ባላገር ፈንግል የሚለው በሽታ፣ የአውሮጳ ሊቃውንትም በ1926 ዓመተ ምሕረት እንደ እነርሱ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ስለ ታየ በዚሁ ከተማ ስም የሚጠሩት፣ ብዙ ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ከገበያ በመጣች ዶሮ ነው። አንዲት ያልተለየች ዶሮ የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ልታስፈጅ ትችላለች። የመጣችበትንም ቅርጫት ማጠብና በፀሐይ ማድረቅ፣ ጉዝጓዙንም ማቃጠል መልካም ነው።

«ዛሬ ማታ ለምትታረድ?»

ይህን ሁሉ ምክር ስንናገር አንድ ወዳጃችን፣ «ለእንቍላል የምትሆነውስ ይሁን፤ ዛሬ ማታ ለምትታረደው ዶሮ ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስለ ማዕዱ እንናገር። እመቤቶቻችን እንደሚያውቁት፣ ለወጥ የምትሠራ ዶሮ በ12 ብልት ተለይታ፣ እያንዳንዱ ብልት ሳይሰበር በክብር መውጣት አለበት። ተንጠልጥላ የመጣች ዶሮ ግን ክንፏ ተሰብሮ፣ የጭኗ ሥጋ ደም አርግዞ ጠቍሮ ይገኛል። ይህ የባለሙያዋ ጥፋት አይደለም፤ የተሸካሚው ነው። ብዙ ጊዜ በሎሚና በጨው ታጥቦ እንቢ የሚለው ጥቍረት፣ በመንገድ ሳለች ከቆዳዋ ሥር የፈሰሰው ደም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጣል። መታረዷ የማይቀር መሆኑ፣ ከመታረዷ በፊት ያለውን ጊዜ ሁሉ ሥቃይ እንድናደርግባት ፈቃድ አይሰጠንም። ለማዕዳችን ሕይወቷን ከወሰድን፣ ያለ ሥቃይ ቤታችን ማድረስ የሚከፈላት ጥቂቱ ዋጋ ነው። ልጆቻችንም ይህን ሁሉ ያያሉ። ስለ ርኅራኄ በቃል ከምንነግራቸው ይልቅ፣ ከገበያ ስንመለስ በእጃችን የሚያዩት ነገር ይበልጥ ያስተምራቸዋል።

በሌላውም ዓለም ይህ ነገር የሕግ ጉዳይ ሆኗል። የአውሮጳ ኅብረት በ2004 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ተወስኖ በ2007 ሥራ ላይ የዋለ ደንብ አውጥቶ፣ በጕዞ ጊዜ እንስሳትን በራስ፣ በጆሮ፣ በቀንድ፣ በእግር ወይም በጅራት ማንሣትንና መጐተትን ከልክሏል። ደንቡ መውጣቱ ሥራውን ሁሉ አላቀናም፤ በታላላቅ እርባታዎች ዘንድ በችኰላ በእግር አንጠልጥሎ መውሰድ ዛሬም ይታያል። ሕግ ብቻውን የሰውን እጅ አያለዝብምና።

ለቤት ባለቤቶችና ለሹማምንት

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራው ከቤት ይጀምራል። ወደ ገበያ ሰው የሚልክ የቤት ባለቤት ወይም እመቤት፣ የዶሮውን ዋጋ ሲሰጥ ቅርጫቱንም አብሮ ይስጥ። ባዶ እጁን የተላከ ልጅ ዶሮይቱን በእግሯ አንጠልጥሎ ቢመጣ ጥፋቱ የላኪው ነው። አንድ ቅርጫት ቢጠነቀቁለት ብዙ ዐውደ ዓመት ያገለግላል። ደግሞም ከተመለሰ በኋላ ዶሮይቱን በደኅና ላመጣ ልጅ ምስጋና ይነገረው፤ መልካም ሥራ የተመሰገነበት ልጅ ያንኑ ይደግማልና።

የገበያን ሥርዐት የሚጠብቁ ሹማምንት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ማድረግ ይችላሉ። ለዶሮ መሸጫ የሚሆነውን ስፍራ ጥላ ቢያበጁለት፣ ውሃ ቢያቀርቡለት፣ በአጠገቡም ቅርጫት የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን እንዲሸጡ ቢፈቅዱ፣ ለዶሮው ዕረፍት፣ ለቅርጫት ሠሪው እንጀራ፣ ለገዢውም ጤናማ ሥጋ ይሆናል። ብዙ ወጪም አያስፈልገውም።

ይህን ጽሑፍ ከመዝጋታችን በፊት፣ ስለዚያች አንካሳ ቄብ ደኅንነት የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር እንንገረው። ጎረቤታችን እግሯን በቀጭን እንጨትና በጨርቅ አስረው ሦስት ሳምንት ያህል በቅርጫት አስቀመጧት። ከዚያ በኋላ ጥቂት እያነከሰች ተነሣች፤ አድጋም እንቍላል ጣለች፤ ታቅፋም ጫጩቶች አወጣች። ታናሽ ልጃችንም ጧት ጧት ከቆጥ የምታወርዳት አሮጊቷ እንዳስተማሯት ነው፤ አንድ እጇን ከደረቷ ሥር፣ አንድ እጇን በጀርባዋ ላይ አድርጋ። «ማን ገደላቸው?» ብላ ለጠየቀችን ጥያቄ ግን፣ ዕድሜዋ ሲፈቅድ እውነተኛውን መልስ ሰጥተናታል፤ «እኛ ነን፤ ባለማወቅ» አልናት። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ፣ «አሁንስ አወቃችሁ?» አለችን።

አዎን፣ አውቀናል። ያወቅነውንም ለእናንተ ለወዳጆቻችን አካፍለናል። የሚመጣው ዐውደ ዓመት ሲደርስ፣ ከገበያ የምትመለሰው ዶሮ ራሷ ወደ ላይ፣ እግሯ ወደ ታች ሆና ወደየቤታችሁ እንድትገባ ምኞታችን ነው።